ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲለወጥ የጤና ተቋም ፋይሎችን በተመረጠ ፎልደር ስለማስቀመጥ

መግቢያ

በጤና ተቋማት ውስጥ ቀድሞ በመዝገብና በካርድ ብቻ ይያዝ የነበረው መረጃ ዛሬ በብዛት በኮምፒዩተር ይዘጋጃል። የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና ክትትል ዝርዝሮች፣ የላቦራቶሪ ውጤቶች ማጠቃለያ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ የሙቀት መከታተያ፣ የመድኃኒት ክምችት መቆጣጠሪያ፣ ወርኃዊ ሪፖርቶችና የጥናት መረጃዎች በየክፍሉ ባሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይገኛሉ። የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለወጣል። አሮጌው ዊንዶውስ በአዲሱ ይተካል፤ ወይም ዊንዶውስ ተነሥቶ በምትኩ እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ሲስተም ይጫናል። ከለውጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ "ፋይሌ ጠፋ" የሚል ነው።

ብዙውን ጊዜ ግን ፋይሉ አልጠፋም፤ የተለወጠው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሁኔታውን ከካርድ ክፍል ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የካርድ ክፍል ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ካርዶቹ በሙሉ ቢደርሱም እንኳ መደርደሪያዎቹ በሌላ ሥርዓት ከተደረደሩ፣ የቆየው ሠራተኛ እጁ በልማድ የሚሄድበት ቦታ ባዶ ይሆንበታል። ካርዱ ተፈልጎ ሲታጣ አዲስ ካርድ ይወጣል፤ በአሮጌው ካርድ ላይ የተጻፈው የፔኒሲሊን አለርጂም ለሐኪሙ ሳይታይ ይቀራል። በኮምፒዩተርም የሚደርሰው ከዚህ አይለይም። አንዲት ነርስ የቲቢ ሕሙማንን የክትትል ዝርዝር ከአንዱ ፎልደር ከፍታ ስታሻሽል፣ ባልደረባዋ ደግሞ በሌላ ፎልደር የቀረውን የቀድሞ ቅጂ ቢያሻሽል፣ እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ ሁለት ዝርዝሮች ይፈጠራሉ። መድኃኒቱን ያቋረጠው ታካሚ በአንደኛው ላይ ብቻ ተመዝግቦ ከሆነ ሌላውን ዝርዝር ይዞ የሚሠራው ባለሙያ አይፈልገውም።

በመሆኑም ፋይልን ማስቀመጥ ሲባል የማስቀመጫውን ቦታ መወሰንንም ይጨምራል። ይህ ውሳኔ ለፕሮግራሙ ልማድ ከተተወ፣ ሲስተሙ በተለወጠ ቁጥር ቦታውም አብሮ ይለወጣል።

ሲስተም ለምን ይለወጣል?

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የኮምፒዩተሩን አካላት ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኝ፣ ፋይሎች የት እንደሚቀመጡና ማን ሊከፍታቸው እንደሚችል የሚወስን መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። አምራቹ ለአንድ ሲስተም የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ሲያቆም በዚያ ሲስተም ላይ የሚገኙ ክፍተቶች ሳይደፈኑ ይቀራሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አቁሟል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ይህ ጉዳይ የጤና ተቋማትን በቀጥታ እንደሚነካ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በተሠራጨበት ወቅት ታይቷል። ፕሮግራሙ ፋይሎችን በምሥጢር ቁልፍ ቆልፎ ለመክፈቻ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥር ካሉት 236 የጤና ትረስቶች ሲሶ ያህሉ ሥራቸው ተስተጓጉሏል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጠሮዎችም ተሠርዘዋል። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ጥቃቱ ከመድረሱ 2 ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በማርች 2017 ወጥቶ ነበር። ጉዳት የደረሰባቸው ኮምፒዩተሮች ማሻሻያው ያልተጫነባቸው ነበሩ።

ስለዚህ ሲስተምን በወቅቱ መለወጥ ተገቢ ነው። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት አካልና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ በብዙ ተቋማት ያሉት ቆየት ያሉ ኮምፒዩተሮች በአምራቹ መመዘኛ መሠረት ሊቀበሉት አይችሉም። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ተቋማት አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛሉ፤ ሌሎች ደግሞ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ኡቡንቱ ይጭናሉ። በሁለቱም መንገድ ሠራተኛው ፋይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ይለወጥበታል።

ፋይሉ ወዴት ይሄዳል?

በዊንዶውስ እያንዳንዱ የዲስክ ክፍል በላቲን ፊደል ይጠራል። ሲስተሙ ራሱ ዘወትር በሲ ድራይቭ ይቀመጣል፤ ዲስኩ ለሁለት ከተከፈለ ሁለተኛው ክፍል ብዙውን ጊዜ ዲ ድራይቭ ይባላል። የእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሰነድ ፎልደር፣ ማለትም ዶክመንትስ፣ እንዲሁም ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ የሚገኙት በሲ ድራይቭ ውስጥ በተጠቃሚው ስም በተከፈተው ፎልደር ነው። በዴስክቶፕ ላይ የሚታይ ፋይል ከፊት ስላለ ብቻ ደኅንነቱ የተጠበቀ ይመስላል። ሲ ድራይቭ ፎርማት በተደረገ ጊዜ ግን አብሮ ይጠፋል።

በኡቡንቱ የድራይቭ ፊደል የለም። ሁሉም ነገር ከአንድ ሥር በሚነሣ አንድ የፎልደር ዛፍ ውስጥ ይደራጃል። የተጠቃሚው ፋይሎች ሆም በተባለው ፎልደር ውስጥ በስሙ በተከፈተው ቦታ ይቀመጣሉ። ፍላሽ ዲስክና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሲሰኩ ሚዲያ በተባለው ፎልደር ሥር ይታያሉ። የቀድሞው ዲ ድራይቭም ካልተደመሰሰ ይኖራል፤ ነገር ግን በፋይል ማሳያው የጎን ዝርዝር ውስጥ በተሰጠው ስም ወይም በመጠኑ ተጠርቶ ይገኛል፤ ተነክቶ እስካልተከፈተ ድረስም ፕሮግራሞች አያገኙትም። "ዲ ድራይቭ የለም" የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ነገሮች የፋይሉን ቦታ ይለውጣሉ።

የመጀመሪያው የፕሮግራሞች ትውስታ ነው። የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች በቅርቡ የተከፈቱ ፋይሎችን ዝርዝር ይይዛሉ። ለዓመታት ሪፖርቱን ከዚህ ዝርዝር እየከፈተ የሠራ ባለሙያ ፋይሉ በየትኛው ፎልደር እንዳለ ላያውቅ ይችላል። አዲስ ሲስተም ሲጫን ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው የኢንተርኔት ማሰሻው ነው። ከዲኤችአይኤስ 2 የወረደ ሠንጠረዥም ሆነ በኢሜይል የመጣ አባሪ በቅድሚያ የሚገባው ዳውንሎድስ ውስጥ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የተጫነው ቴሌግራምም የሚያወርዳቸውን ፋይሎች በዳውንሎድስ ሥር በራሱ ስም በሚከፍተው ፎልደር ያስቀምጣል። ባለሙያው ፋይሉን እዚያው ከፍቶ ካሻሻለውና "ሴቭ" ብቻ ካለ፣ የተሻሻለው ቅጂ ለጊዜው ከወረዱት ፋይሎች ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ሦስተኛው ዋንድራይቭ ነው። በዊንዶውስ 10ና 11 ኮምፒዩተሩ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና የፎቶግራፍ ፎልደሮች ወደ ዋንድራይቭ እንዲዛወሩ ሊደረግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ዶክመንትስ የሚል ስም ያላቸው ሁለት ፎልደሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በአንደኛው የተቀመጠው ፋይልም በኢንተርኔት አማካይነት ከተቋሙ ውጭ ወዳለ ሰርቨር ይላካል። ፋይሉ የታካሚ መረጃ ከሆነ የምሥጢር ጥበቃ ጥያቄ ይነሣል።

ከለውጡ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

"ሳይቃጠል በቅጠል" እንደሚባለው ዋናው ሥራ የሚሠራው አዲሱ ሲስተም ከመጫኑ በፊት ነው። ቴክኒሺያኑ ኮምፒዩተሩን ሊወስድ ሲመጣ የሚደረግ የችኮላ ቅጂ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ያስቀራል። ስለሆነም ቀጥሎ ያሉትን በቅደም ተከተል መፈጸም ይገባል።

ሀ. ፋይሎቹ አሁን ያሉበትን ቦታ መመዝገብ። ዶክመንትስ፣ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ ዲ ድራይቭ፣ እንዲሁም በሠራተኞች እጅ ያሉ ፍላሽ ዲስኮች በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለባቸው። ኮምፒዩተሩን ከአንድ በላይ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ የእያንዳንዱ አካውንት ለብቻው ይታያል።

ለ. በፕሮግራሞች ውስጥ የተቀመጠ መረጃን መለየት። የመረጃ ቋት ያላቸው ፕሮግራሞች ፋይላቸውን በዶክመንትስ ላያስቀምጡ ይችላሉ። ለዊንዶውስ እንደተሠራው ኤፒ ኢንፎ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚጠቀም ክፍል ወደ ኡቡንቱ ከመሄዱ በፊት ፕሮግራሙ በአዲሱ ሲስተም መሥራቱን ማረጋገጥ፣ ካልሠራም መረጃውን ሌሎች ፕሮግራሞች ሊያነቡት ወደሚችሉት የሠንጠረዥ ፋይል መለወጥ አለበት።

ሐ. ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት። በመረጃ አያያዝ ሙያ የታወቀው መመሪያ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከሕንፃው ውጭ እንዲሆን ያዝዛል። ለአንድ ጤና ጣቢያ ይህ ማለት በኮምፒዩተሩ ካለው ሌላ አንድ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በተቋሙ ሰርቨር ወይም ተቆልፎ በሌላ ሕንፃ በሚቀመጥ ማስቀመጫ መያዝ ነው።

መ. ቅጂውን ማረጋገጥ። በዋናውና በቅጂው ያሉት ፋይሎች ብዛትና ጠቅላላ መጠን እኩል መሆናቸው ይታያል፤ ከየፎልደሩም ጥቂቶቹ በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍተው ይነበባሉ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

ሠ. ለቴክኒሺያኑ በጽሑፍ ማስታወቅ። የትኛው የዲስክ ክፍል ሊደመሰስ እንደሚችልና የትኛው መነካት እንደሌለበት በወረቀት ላይ ተጽፎ ቢሰጠው ከቃል መልእክት የሚመጣ ስሕተት ይቀንሳል።

ቋሚ ማስቀመጫ ስለመምረጥ

አዲሱ ሲስተም ከተጫነ በኋላ፣ የመጀመሪያው ሪፖርት ከመጻፉ በፊት፣ የክፍሉ ሠራተኞች በአንድ ዋና ፎልደር ላይ መስማማት ይኖርባቸዋል። ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ፎልደሩ ሲስተሙ ከሌለበት ክፍል ቢሆን ይመረጣል፤ ሲስተሙ ዳግም ቢበላሽ ሰነዶቹን ሳይነኩ መጫን ይቻላልና። በዋናው ፎልደር ሥር ለየሥራው ዓይነት፣ በዚያም ሥር ለየበጀት ዓመቱ አንዳንድ ፎልደር መክፈት ለአብዛኛው ክፍል ይበቃል። በርካታ ፎልደሮች አንዱ በሌላው ውስጥ ሲከማቹ ፋይሉ ለማግኘት ያስቸግራል። ከዚህም ሌላ ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የፎልደሮቹና የፋይሉ ስም ተደምሮ ከ260 ፊደልና ምልክት በላይ ሲሆን ፋይሉን አይቀበሉም።

በዊንዶውስ 11 ዶክመንትስ የሚለውን ፎልደር ራሱን ወደ ተመረጠው ቦታ ማዛወር ይቻላል። በፎልደሩ ላይ የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ "ፕሮፐርቲስ"፣ ቀጥሎ "ሎኬሽን"፣ ከዚያም "ሙቭ" የሚሉት ተመርጠው አዲሱ ፎልደር ይጠቆማል። ሲስተሙ የነበሩት ፋይሎች አብረው ይዛወሩ እንደሆነ ሲጠይቅ በአዎንታ መመለስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ዲ ድራይቭን ራሱን አለመምረጥ ነው፤ በዲ ድራይቭ ውስጥ በቅድሚያ አንድ ፎልደር ተከፍቶ እርሱ ይመረጣል። ይህ ካልሆነ መላው ድራይቭ ዶክመንትስ ተብሎ ይያዛል፤ ወደ ነበረበት መመለስም ያስቸግራል።

በዎርድና በኤክሴል "ፋይል"፣ "ኦፕሽንስ"፣ "ሴቭ" በሚለው መንገድ ሲገቡ ፋይሎች በኮምፒዩተሩ ላይ እንዲቀመጡ የሚያዘው ሣጥንና የፎልደሩ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ይገኛሉ። ሣጥኑ ምልክት ካልተደረገበት አዳዲሶቹ የፕሮግራሙ ዕትሞች በቅድሚያ ዋንድራይቭን ሊያቀርቡ ይችላሉ።

በኡቡንቱ በብዛት የሚሠራበት የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሊብረኦፊስ ነው። በዚህ ፕሮግራም "ቱልስ"፣ "ኦፕሽንስ"፣ "ሊብረኦፊስ"፣ "ፓዝስ" በሚለው መንገድ ተገብቶ "ማይ ዶክመንትስ" የሚለው መሥመር ወደ ተመረጠው ፎልደር ይለወጣል። ፕሮግራሙ ፋይሎችን የሚያስቀምጠው በራሱ ዓይነት ስለሆነ፣ ሪፖርቱን የሚቀበለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት በኤክሴል የሚሠራ ከሆነ በሚቀመጥበት ጊዜ የኤክሴልን ዓይነት መምረጥ ይገባል። የተመረጠውን ፎልደር በፋይል ማሳያው የጎን ዝርዝር ውስጥ ማስገባትም ቀላል ነው፤ ፎልደሩን ከፍቶ "ኮንትሮል" የሚለውን ቁልፍና የላቲኑን ዲ ፊደል አንድ ላይ መጫን ብቻ ይበቃል። ፎልደሩ በሁለተኛው የዲስክ ክፍል ላይ ከሆነ ግን ያ ክፍል ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በራሱ እንዲከፈት ቴክኒሺያኑን ማስደረግ ያስፈልጋል።

የኢንተርኔት ማሰሻዎችም ልማዳቸው ይታረማል። በፋየርፎክስም ሆነ በክሮም ቅንብሮች ውስጥ ስለ ወረዱ ፋይሎች በሚናገረው ክፍል፣ እያንዳንዱ ፋይል ከመውረዱ በፊት የት ይቀመጥ ብሎ እንዲጠይቅ የሚያዝ ምርጫ አለ። ይህ ምርጫ ሲበራ ባለሙያው ቦታውን በየጊዜው ለመወሰን ይገደዳል፤ ዳውንሎድስም የመረጃ ማከማቻ መሆኑ ይቀራል።

"ማስቀመጥ አልተቻለም" የሚል መልእክት ሲመጣ

ፎልደሩ ተመርጦም ሲስተሙ ፋይሉን አልቀበልም የሚልበት ጊዜ አለ። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በኡቡንቱ ተራ ተጠቃሚ ከራሱ የሆም ፎልደር ውጭ ፋይል ለማስቀመጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከአሮጌ ዲስክ የተገለበጡ ፎልደሮችም ባለቤትነታቸው በሌላ ተጠቃሚ ስም ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው የክፍሉን ሠራተኞች በአንድ ቡድን መዝግቦ ለቡድኑ በጋራ ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ መስጠት ነው። ችግሩን ለማለፍ ብሎ ሁሉም ሠራተኛ በአስተዳዳሪ አካውንት እንዲሠራ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛው ሁለት ሲስተሞች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫኑ የሚታይ ነው። ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሣት እንዲችል ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ የማይጠፋበት አሠራር አለው። በዚህ ሁኔታ ወደ ኡቡንቱ ሲገባ የዊንዶውሱ የዲስክ ክፍል እንዲነበብ ብቻ ይከፈታል፤ በላዩ መጻፍ አይቻልም። ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ይህን የፈጣን አነሣሥ ምርጫ ማጥፋትና ኮምፒዩተሩን በትክክል መዝጋት ችግሩን ያስወግዳል።

ሦስተኛው የፍላሽ ዲስኩ አሠራር ነው። ፋት 32 በተባለው ሥርዓት የተዘጋጀ ፍላሽ ዲስክ 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ ቢኖረውም እንኳ። የአልትራሳውንድ ወይም የቀዶ ሕክምና ረጅም ቪዲዮ ሲገለበጥ የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ኤክስፋት በተባለው ሥርዓት የተዘጋጀ ማስቀመጫ ይህ ገደብ የለበትም፤ በአዳዲሶቹ ዊንዶውስና ኡቡንቱም ይነበባል።

አራተኛው ሲስተሙን ሳይጭኑ መሞከር ነው። ኡቡንቱ ከፍላሽ ዲስክ ተነሥቶ ለሙከራ ሊሠራበት ይችላል። በዚህ የሙከራ ጊዜ በሆም ፎልደር የተቀመጠ ፋይል በተለመደው አሠራር ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ምንም የስሕተት መልእክት ስለማይታይ ከሁሉም ይልቅ ይህ አደገኛ ነው። በሙከራ ላይ ባለ ሲስተም የታካሚ መረጃ መሥራት አይገባም።

የፋይል ስምና የአማርኛ ጽሑፍ

ቦታው ከተመረጠ በኋላ የፋይሉ ስም ይቀራል። በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ግድም ሠረዝ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ትእምርተ ጥቅስና የላቲኑ ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት መግባት አይችሉም። ኡቡንቱ ግን ከግድም ሠረዝ በቀር አብዛኛውን ይቀበላል። በኡቡንቱ ላይ ሰዓትን በሁለት ነጥብ ለይቶ የተሰየመ ፋይል ወደ ዊንዶውስ ሲገለበጥ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። እንደዚሁም ኡቡንቱ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ በዊንዶውስ ግን ሁለቱ አንድ ስም ናቸው።

በአማርኛ ስም ሲሰየም ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለአንባቢው ድምፃቸው አንድ የሆነው "ሰ"ና "ሠ"፣ "ጸ"ና "ፀ"፣ "አ"ና "ዐ"፣ እንዲሁም "ሀ"፣ "ሐ"ና "ኀ" ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ ሠራተኛ "ሕፃናት" ብሎ የሰየመውን ፎልደር ሌላው "ህጻናት" ብሎ ቢፈልገው ላያገኘው ይችላል፤ ባለማግኘቱም አዲስ ፎልደር ይከፍታል። ስለዚህ የክፍሉ የፎልደር ስሞች አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በኮምፒዩተሩ አጠገብ ቢለጠፍ ጠቃሚ ነው።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ፋይሉ የተሻሻለበትን ቀን የሚመዘግበው በተለመደው ቅንብሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ የተቋሙ ሪፖርት የሚዘጋጀው ከሐምሌ 1 ቀን በሚጀምረው የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ነው። በፋይሉ ስም ላይ ዓመቱን በቅድሚያ፣ ወሩን ቀጥሎ በሁለት አኃዝ መጻፍ፣ ለምሳሌ የታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ሪፖርትን "2018-04" ብሎ መሰየም፣ ፋይሎቹ በቅደም ተከተል እንዲሰለፉ ያደርጋል። ክፍሉ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠቀም አስቀድሞ መወሰን አለበት።

የቆዩ የአማርኛ ሰነዶች በአዲሱ ሲስተም ሲከፈቱ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ምልክቶች ተሞልተው የሚታዩበት ጊዜ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ሰነዶች በዩኒኮድ ባልሆኑ የአማርኛ ፎንቶች ተጽፈዋል። እነዚህ ሰነዶች የተጻፉበት ፎንት በኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለ አይነበቡም። ሰነዱ ተበላሽቷል ብሎ መደምሰስ አይገባም፤ ፎንቱን ከአሮጌው ኮምፒዩተር አምጥቶ መጫን፣ ቀጥሎም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል።

የታካሚ ምሥጢር

የፋይሉ ቦታ ሲወሰን ማን ሊያየው እንደሚችልም አብሮ ይወሰናል። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት የግል መረጃዎች መካከል ነው። የሙያው ሥነ ምግባር ግን ከአዋጁ በፊትም ይህንኑ ሲያዝ ኖሯል።

በአንድ አካውንት ሁሉም ሠራተኛ በሚገለገልበት ኮምፒዩተር፣ በዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ የኤችአይቪ ሕክምና ዝርዝር ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት ነው። በኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 21.04 ዕትም ጀምሮ አዲስ የሚከፈት የአንድ ተጠቃሚ የሆም ፎልደር ለሌሎች ተጠቃሚዎች ዝግ እንዲሆን ተደርጓል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ግን በተለመደው ቅንብር ሌሎች ሊያነቡት ይችሉ ነበር። ከአሮጌ ዕትም ወደ አዲሱ የተሻሻለ ኮምፒዩተር የቀድሞውን ፈቃድ ይዞ ሊቀጥል ስለሚችል መፈተሽ ይኖርበታል።

የታካሚ ስምና የበሽታ ዓይነት በፋይል ስም ላይ መጻፍ የለበትም፤ ፋይሉ ባይከፈትም ስሙ በቅርብ በተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ ለሁሉም ይታያልና። ለዝግጅት የተገለበጡት ቅጂዎችም እንደ ዋናው መቆለፍ አለባቸው። ከአገልግሎት የሚወጣ አሮጌ ዲስክ በፍጥነት ፎርማት ቢደረግም መረጃው ሊመለስ ስለሚችል፣ ከተቋሙ ከመውጣቱ በፊት ሙሉ በሙሉ እንዲጠረግ ወይም እንዲሰበር ማድረግ ይገባል።

የጠፋ የሚመስል ፋይልን ስለመፈለግ

ፋይሉ ሲታጣ የመጀመሪያው እርምጃ በዚያ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር አለማስቀመጥ ነው፤ የተደመሰሰ ፋይል ሊመለስ የሚችለው በቦታው ላይ ሌላ እስካልተጻፈ ድረስ ነው። ቀጥሎ ከስሙ ይልቅ በፋይሉ ዓይነትና በተሻሻለበት ቀን ይፈለጋል። ዳውንሎድስ፣ ዋንድራይቭ ውስጥ ያለው ዶክመንትስና የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይታያሉ። ዊንዶውስ በሌላ ዊንዶውስ የተተካ ከሆነ፣ ዲስኩ ፎርማት ካልተደረገ፣ የቀድሞው ሲስተም በሲ ድራይቭ ውስጥ "ዊንዶውስ ኦልድ" በሚል ስም ይቀመጣል። የቀድሞው ዶክመንትስም በዚያ ሊገኝ ይችላል። ይህ ፎልደር ከማሻሻያው 10 ቀን በኋላ በራሱ ስለሚደመሰስ ፍለጋው መዘግየት የለበትም። አንድ ፋይል በሁለት ቦታ ከተገኘ የቀኑን አዲስነት ብቻ አይቶ አንዱን መደምሰስ አይገባም፤ ሁለቱም ተከፍተው መሥመር በመሥመር ሊመሳከሩ ይገባል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሌላው የሌለው ታካሚ ሊኖር ይችላልና።

ማጠቃለያ

የሲስተም ለውጥ የቴክኒሺያን ሥራ ተደርጎ ቢታይም፣ ፋይሉ የት መቀመጥ እንዳለበት የሚያውቀው መረጃውን የሚሠራበት የጤና ባለሙያ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ለውጡ ከተደረገ ከአንድ ሳምንት በኋላ ቀላል ፈተና ሊያደርግ ይችላል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ያለፈውን ወር ሪፖርትና የቅርቡን የታካሚዎች ክትትል ዝርዝር፣ በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን ዝርዝር ሳይጠቀም፣ ከፎልደሩ ራሱ ከፍቶ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት ፋይል ከአንድ ቦታ ከከፈቱ ለውጡ ተሳክቷል። ሁለት ሠራተኞች ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን ከከፈቱ ግን፣ ልዩነቱ በታካሚው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚታረምበት ጊዜ ያኔ ነው።